ዋስትናው ካለቀ በኋላ መኪናዬን የት ላሠራ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ባጭሩ እንዲህ ነው የተረዳሁት፦ የመኪናህ ዋስትና አልቋል፣ ወኪሉ ጋ ሰርቪስ ማድረግ ልቀጥል ወይስ በቅናሽ የሚሠራ ጋራዥ ልፈልግ? ብዙ ሰው «እገሌ ጋ ውሰዳት» ብሎሃል። እኔ ግን ሁሉንም ሥራ የግድ አንድ ቦታ ማሠራት አለብህ ብዬ አላምንም። የኔ ምርጫ እንደ ሥራው ዓይነት ነው።

ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ የመሳሰለውን ማንኛውም ጠንቃቃ ጋራዥ ይሠራዋል። ለዚህ የወኪል ዋጋ መክፈል አይታየኝም። ቁልፍ ፕሮግራም ማድረግና የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲሆን ግን ወኪሉ ይሻላል። ሪኮል ካለም፣ ማለትም አምራቹ በራሱ ጉድለት መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ፣ ያው ወደ ወኪሉ ነው። ዋስትናው ቢያልቅም ብዙውን ጊዜ በነፃ ስለሚሠራ በሻንሲ ቁጥርህ አስጣራ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ውሎው ካምቢዮ ላይ ብቻ የሆነ ሰው ፈልግ። ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ መኪና ለያዛችሁ ደግሞ፣ እነዚያ ብርቱካናማ ገመዶች ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ነው የሚያልፍባቸው፣ ሥልጠናና የመከላከያ ጓንት የሌለው ሰው እንዳይነካካቸው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጋራዡን እንዴት ትለያለህ? እኔ የማየው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት የሚያደርጉትን ነው። አንድ ሰሞን መኪናዬ ፍጥነት ስትጨምር አብሮ የሚጨምር የማጉረምረም ድምፅ አመጣች። አንዱ ጋራዥ እንደቆመች ሞተሩን አስነሥቶ ትንሽ አዳመጠና «ካምቢዮው ይውረድ» አለ። ስትቆም እኮ ድምፁ የለም! ሌላው ቁልፉን ተቀብሎ «ና አብረን እንንዳት» አለኝ። ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ሲይዝ ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ሲይዝ ይቀንሳል። ወደ ግራ ስትዞር ክብደቷ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል የቀኝ ፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው የጠረጠረው። በክሪክ አነሣት፣ ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ አስደመጠኝ። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ድምፁም ጠፋ። ካምቢዮው እስካሁን ሳይነካ እየሠራ ነው።

የኮምፒውተር ምርመራም ላይ ያው ነው። የሞተር መብራት በርቶ ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የብልሽት ኮድ ፒ0301 ቢል፣ ቁጥር 1 ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ካንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሊሆን ይችላል፣ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም የኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩ የእመቃ ችግርም ሊሆን ይችላል። ጎበዝ መካኒክ ምን ያደርጋል? የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይርና እንደገና ያያል። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ አለቀ። ኮዱን አንብቦ ወዲያው «ኮምፒውተሩ ኮይል ብሏል፣ ግዛና ና» የሚልህ ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

አዲስ ጋራዥ ስትሞክር በትልቅ ሥራ አትጀምር። ዘይት ለማስቀየር ሂድና ጠይቅ፣ ለምሳሌ «የፍሬን ዘይት መቼ ነው የሚቀየረው?» በለው። «ካልጎደለ አይነካም» ካለህ ብዙ ነገር ነግሮሃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት በያዘ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል አለበት፣ እርጥበት ሲይዝ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ልዩነቱ ይገባሃል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

የወለሉ ንጽሕና ብዙም አያስጨንቀኝም፣ የሚያብለጨልጭ ወለል ያላቸው ዘራፊዎች አሉ። የማየው ሌላ ነው። የተፈታ የዘይት ቱቦ አፉን ይከድናሉ? የጎማ ቡሎን መጨረሻ ላይ በቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የማጥበቂያ ልኩን በሚያሳየው፣ ያጠብቃሉ ወይስ ዝም ብለው በአየር መፍቻ ያጮሁታል?

ስለ ክፍያው፣ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበል፣ «ሳትደውልልኝ ምንም እንዳትጨምር» በል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልህ ሥራው ሳይጀመር ተናገር፣ ከጨረሱ በኋላ ብትጠይቅ «ተጣለ» ነው መልሱ። ዕቃ ራስህ ገዝተህ መውሰድ ርካሽ ይመስላል፣ ግን ከወር በኋላ ቢበላሽ መካኒኩ ዕቃው ነው ይላል፣ ሻጩ ገጠማው ነው ይላል፣ አንተ መሐል ትቀራለህ። ስለዚህ እኔ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን ዕቃውንም ገጠማውንም አንድ ሰው ኃላፊነት እንዲወስድበት አደርጋለሁ።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች? ታይሚንጓ፣ ማለትም የቫልቭና የፒስተን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ክፍል፣ በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጋ ከሆነ የቺንጋው መቀየሪያ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መመሪያ ደብተሯን እየውና ሞዴሏን ጨምረህ ጻፍልን፣ ያችኑ መኪና የሚነዳ ሰው እዚህ አይጠፋም።