ብቻችሁን ተራራ ለምትወጡ ልጆች

እሁድ ጠዋት ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ላይ የማገኛችሁ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፤ ባሌን ብቻዬን ብወጣው ምን ይመስልዎታል? አትውጡ አልልም። አትውጡ የሚላችሁ ሰው ሞልቷል፣ ሰምታችሁትም አታውቁም። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቅየሳ ነው፤ መሣሪያ ተሸክሞ ዳገት መቧጠጥ እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ልኩን እወቁ። ሐዋሳ ያለችው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ታቦርን ወጥቶ ሐይቁን አይቶ ለቁርስ መመለስ ይቻላል። የባሌው ሰፊ አምባ ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ጉልበተኛ ነኝ ማለት አይሠራም፤ እንዲያውም በጣም የሚታመመው ፈጥኖ የሚወጣው ጎረምሳ ነው። ቱሉ ዲምቱ አናት ድረስ መኪና ይወጣል፣ እሱ ነው ችግሩ፤ ጠዋት ቆላ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን ይይዛል። ከመውጣታችሁ በፊት ዝቅ ብለው ባሉት ከተሞች፣ ጎባ ወይም ዲንሾ፣ እደሩ፤ ሁለት ሌሊት ቢሆን ይሻላል። ራስ ምታቱ ካልተዋችሁ፣ ካስመለሳችሁ ወይም እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከጀመራችሁ ያን ጊዜውኑ ውረዱ። ተኝቼ ይለቀኛል ማለት የለም።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ስለሆነ ሁላችሁም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትነሳላችሁ። ስልካችሁ ላይ የምታዩት የአውሮፓ ልጅ በሐምሌ ፀሐይ ከአልፕስ ሐይቅ በላይ ቁምጣ ለብሶ ድንጋይ ሲወጣ ያምራል፣ አውቃለሁ። የሱ ሐምሌ ግን የእኛ ሐምሌ አይደለም። በእኛ ሐምሌ ሳነቴ ላይ ጉሙ ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት አይታይም፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ መብረቅ አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። ሌሊቱ ውኃ ያረጋል፣ ቀኑ ግን ጥርት ያለ ነው። የግድ በክረምት ከሆነ ጎህ ሲቀድ ጀምሩ፣ ሰማዩ ካጉረመረመ ከጫፍና ከሸንተረር ላይ ውረዱ።

ለምን እንደምትሄዱ ግን ይገባኛል። ባሌ ላይ ያለውን የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከላይ ያየ ሰው አይረሳውም። የኛ የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው እሳተ ገሞራ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ያንን ግን የፈለፈለው በረዶ ነው። አዎ፣ ባሌ ላይ ድሮ የበረዶ ግግር ነበር። ውኃው ወደ 3,950 ሜትር ላይ ገደል ተደግፎ ይታያል። ብቻውን የሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያተርፋል። ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ዓይኗን ተክላ ስታደባ በጫጫታ መሃል አታዩም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ያያል። ምግብ እንዳትሰጧት ብቻ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስትደርሱ ዲንሾ ላይ ክፈሉ፣ ተመዝገቡ። አስጎብኚ ያዙ ሲሏችሁ አትከራከሩ። አስጎብኚ ብቸኝነታችሁን ይወስድብናል የምትሉት ነገር አይገባኝም፤ ራቅ ብሎ ይከተላችኋል፣ እናንተም ከራሳችሁ ጋር ታወራላችሁ። ጉም ሲወርድ ግን መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። እረኛ ስታገኙ ሰላም በሉ። ውሻው ሲመጣ አትሩጡ፣ ቆማችሁ እረኛውን ጥሩ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። መንገዱ አልቆ በእጅ መያዝ ሲጀመር ከሁለት እጅና ከሁለት እግራችሁ ሦስቱ ሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ ይሁኑ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። የምትይዙትን ድንጋይ ክብደታችሁን ሳትጥሉበት ነቅነቅ አድርጉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መውረድ የማትችሉትን አትውጡ። ሲወጣ ዓይን እጅን ይመራል፤ ሲወረድ እግር የሚረግጠው አይታይም፣ ጉልበትም ደክሟል። ፎቶ የምትነሱ ከሆነ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ ስልክ አውጡ።

እኔ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ መመለሻ ሰዓት ነው። ታች፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ አእምሯችሁ ሳይደክም ወስኑት። ከቀኑ 7 ሰዓት ካላችሁ 7 ሰዓት ነው። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ትዞራላችሁ። ላይ ሆኖ የሚወስን ሰው ሁልጊዜ «ትንሽ ብቻ» ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ድካሙም ጉጉቱም አብረውት አሉ፣ ከጎኑ ሆኖ «ኧረ ተው» የሚለው ሰው ደግሞ የለም። ብቻ መሄድ ማለት እሱ ነው፤ የጓደኛችሁን ሥራ ያቺ ሰዓት ትሠራለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ጨለማ ነው፣ ብርዱም አብሮ ይገባል።

ስልክ አትመኑ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከሸሚዝ ሥር ያዙት፣ የእጅ ባትሪም ለብቻው ያዙ። በሶና ቆሎ ከብስኩት ይሻላል። አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አትግዙ፤ ከገዛችሁም መጀመሪያ እዚሁ ሐዋሳ አላሙራ ተራራን ውጡበት።

ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የት እንደምትሄዱ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ሰው መፈለግ እንዳለበት። ወረቀቱን ለእናታችሁ አትስጡ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ዲንሾ ድረስ ትደውላለች። ለታላቅ እህት ስጡ።