መልስ፦ ተማሪ ያልሆነ ሰው የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ላይ መግባት ይችላል?

ሰላም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ባህልና አካባቢ የሚያዘጋጃቸው ውይይቶች ላይ ተማሪ ሳልሆን መግባት እችላለሁ ወይ ብለሃል። "ለሕዝብ ክፍት" የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ግባ፣ አትፈር። መታወቂያ ግን ያዝ፤ ጥበቃዎቹ በር ላይ ሊጠይቁህ ይችላሉ። ማስታወቂያውን ስልክህ ላይ ብታሳያቸው ነገሩ ይቀላል።

ባህልና ታሪክ ከሆነ የምትፈልገው ስድስት ኪሎ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው እዚያው፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ክፍት ከሆነ ቀደም ብለህ ድረስና እየው። የጃንሆይ መኝታ ቤት ሳይቀር አለ፤ የዜማ መሣሪያዎቹና የጥንት ሥዕሎቹም ጊዜ ይፈልጋሉ።

አካባቢ ካልክ ደግሞ ጉለሌ እጽዋት ማዕከልን አትርሳ። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስፋቱ ከ700 ሄክታር ይበልጣል። ባህር ዛፍ በወረሰው ተራራ ላይ እንደ ጽድና ወይራ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን መልሰው እያለሙ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ፣ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ደን ከመስማት እዚያ መራመድ ይሻላል። ዳገት ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርግ።

ውይይቶቹ ላይ አንዳንዴ እንግሊዝኛ ይበዛል። አንተ በአማርኛ ጠይቅ፣ ችግር የለውም።