መልስ፦ ሙከራውን ይወዱታል፣ ጻፉ ሲባሉ ግን ይገለብጣሉ

ጽሑፉን ለመጨረሻ አታቆዪው። ኮምቦልቻ ያሉት የ5ኛ ክፍል ልጆችሽ የሳይንስ ሙከራውን በደስታ ሠርተው «ያያችሁትን ጻፉ» ስትያቸው ከሰሌዳ የሚገለብጡት ሰንፈው አይመስለኝም። መልሱ አንዴ ታውቋል፣ ምን ይጻፉ?

ውሃ በየትኛው አፈር ቶሎ እንደሚያልፍ የሚያሳየውን ሙከራ እንውሰድ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቁረጪ፣ አፉን በጨርቅ አስሪና ዘቅዝቀሽ በታችኛው ግማሽ ላይ አስቀምጪው። በአንዱ ዋልካ (ጥቁሩን የሸክላ አፈር)፣ በሌላው የቦርከና ወንዝ አሸዋ ጨምሪ። ዋልካውን ግን አድቅቂው፤ ጓል ከሆነ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ጉድ ያደርግሻል።

1. ውሃ ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ውሃው ቶሎ የሚያልፈው በ... ነው፣ ምክንያቱም...»። ያልጻፈ ቡድን ውሃ አያገኝም!

2. እኩል ውሃ ይጨምሩና ወደ ታች የወረደውን በየደቂቃው እየለኩ ሰንጠረዥ ይሙሉ። ሰንጠረዡን ራሳቸው ያስምሩት፣ ቢንጋደድም ግድ የለም።

3. መጽሐፉ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ግምቱ ያልሠራለት ልጅ ስለ አፈር ቅንጣት መጠን የሚያወራውን አንቀጽ አፍጥጦ ነው የሚያነበው፣ ምክንያቱም አሁን የሚፈልገው ነገር አለ። ከዚያ «መጀመሪያ ... ብዬ ነበር፣ ያየሁት ግን...» ብሎ ይጨርስ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ግምት ላይ ቀይ እስኪብርቶ እንዳታሳርፊ። አንዴ ኤክስ ካዩ በሚቀጥለው ሙከራ ክፍሉ በሙሉ የጎበዙን ልጅ ግምት ነው የሚጽፈው። ላጲስም ቀድመሽ ሰብስቢ፤ አሸዋው ውስጥ ውሃው ሲወርድ እያዩ ቀስ ብለው የሚፍቁ አሉ።