ሰርቨሩ ሌሊት ለምን ይጠፋል? ከመደወልዎ በፊት የሚያዙ ማስረጃዎች

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የኮምፒውተሩን ሥራ የምከታተለው እኔ ነኝ። ዊንዶውስ ሰርቨር የተጫነበት አንድ ማሽን አለን። ጥር 14 እና ጥር 28 ቀን 2018 ሌሊት በራሱ ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ቀኑን ግን አልያዝንም። የጥበቃ ሠራተኛው መብራት አልሄደም ይላል። የሸጠልን ድርጅት “ሎግ ላኩ” ሲለን ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሥተን ላክን፤ “ይህ አይበቃም” አለን። ምን እንላክ? ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ብንጭነውስ?

መልስ፦ አይጫኑት። እንደ አዲስ መጫን ያለዎትን ማስረጃ ሁሉ ያጠፋል። ችግሩ ከኃይል ከሆነ ደግሞ አዲሱም ዊንዶውስ እንደ አሮጌው ሌሊት ይጠፋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናጥራ፤ ብዙ የድጋፍ ጥያቄ የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው። “ጥር 14 ሌሊት” ሲሉ ለ14 አጥቢያ ነው ወይስ ለ15? ለ14 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሆነ ሰርቨሩ የሚመዘግበው ጃንዋሪ 22፣ 2:00 ብሎ ነው። ለ15 ከሆነ ጃንዋሪ 23 ይሆናል። “8 ሰዓት” ብለው ውጭ አገር ላለ ባለሙያ ቢጽፉለት ጠዋት መስሎት የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው ቦታ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ሰርቨሩ እንዳሳየው ይጻፉና “የኢትዮጵያ ሰዓት፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) በ3 ሰዓት የሚቀድም” ብለው ይጨምሩበት። ሰርቨሩ የራሱ መቆጣጠሪያ ካለው (በዴል አይድራክ፣ በኤችፒ አይሎ ይባላል) የዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ነው። ያኔ ያው አደጋ እዚያ ላይ ጃንዋሪ 21፣ 23:00 ሆኖ ይገኛል። ሁለት አደጋ አይደለም፤ አንድ ነው።

አሁን ወደ ሎጉ፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ ወደሚጽፍበት መዝገብ። ይህን የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ኢቨንት ቪውወርን ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። በስተቀኝ ካለው ዝርዝር ማጣሪያውን (ፊልተር) ይምረጡና በኢቨንት አይዲ ቦታ 41፣ 1001፣ 1074፣ 6005፣ 6008 የሚሉትን ቁጥሮች በኮማ ለይተው ያስገቡ። 1074 ሰው ወይም ፕሮግራም አዝዞ እንዳጠፋው ይናገራል፤ የዝመና ሪስታርት የሚታወቀው በዚህ ነው። 6008 ሳይታሰብ መጥፋቱን፣ 6005 ደግሞ መልሶ መነሣቱን ያሳያል። ዋናው 41 ነው። ከፍተው ዝርዝሩ ውስጥ “በግቼክ ኮድ” የሚለውን ይዩ። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ሊመዘግበው የቻለው ብልሽት የለም፤ ኃይል ተቋርጧል ወይም ማሽኑ ደርቆ ቀርቷል ማለት ነው። ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊው ስክሪን (ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲቆም የሚያሳየው) ወጥቶ ነበር፤ 1001ም የሚመዘግበው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ 292 ከሆነ ሃርድዌሩ ራሱ ስሕተት አስመዝግቧል። “ፓወር በተን ታይምስታምፕ” የሚለው ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ይዞታል፤ የጥበቃ ሠራተኛውን መጠየቅ ያኔ ነው።

ፎቶው ያልበቃው ባለሙያው ከአደጋው በፊት የነበሩትን መስመሮች ማየት ስላለበት ነው። ማጣሪያውን ያንሡ፤ ካላነሡት የሚቀመጠው የተጣራው ብቻ ነው። ከዚያ ሎጉን በሙሉ በኢቪቲኤክስ ዓይነት ያስቀምጡ። ሲያስቀምጡ ስለ ቋንቋ የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል፤ እንግሊዝኛን መርጠው ያጽድቁ፣ አለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መልእክቶቹ ጎደሎ ሊሆኑ ይችላሉ። የተፈጠረውን ፎልደርም አብረው ይላኩ። አፕሊኬሽን የሚለውን ሎግ በተመሳሳይ መንገድ ይያዙ። ይህን ለነገ አይበሉ፤ ሲስተም ሎግ ሳይነካ ከተተወ 20 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፣ ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ ይጽፋል። በፕሮፐርቲስ ገብተው 20480 የሚለውን ወደ 102400 ቢያሳድጉት ለወደፊቱ ይጠቅማል።

ሰማያዊ ስክሪን ከነበረ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሜሞሪ ዳምፕ የሚባል፣ ብልሽቱ ሲደርስ በማሽኑ ሜሞሪ ላይ የነበረውን የያዘ ትልቅ ፋይል አለ። ሌላ ብልሽት ሲደርስ በላዩ ስለሚጽፍበት ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱት። በውስጡ የአባላት ስምና ሒሳብ ሊኖር ስለሚችል በቴሌግራም አይላኩት፤ ድጋፍ ሰጪው የራሱን የተጠበቀ የፋይል መላኪያ ይስጥዎ። ኔትወርኩ ከባድ ፋይል የማይችል ከሆነ በሰባት-ዚፕ በ200 ሜጋባይት ቆራርጠው ይላኩት፤ አንዱ ቢቋረጥ ያንኑ ብቻ ይደግሙታል።

የማሽኑን መለያ (ዴል ከሆነ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ)፣ የዊንዶውሱን ሥሪት፣ በቅርብ የተለወጠ ዕቃ ወይም የተጫነ ፕሮግራም ካለ ይጨምሩ። “ምንም አልተለወጠም” ከማለትዎ በፊት ግን የሥራ ባልደረቦችዎን ይጠይቁ።

የላኩልን ቀኖች ላይ አንድ ነገር ይታያል። በጥር 14 እና በጥር 28 መካከል ልክ 14 ቀን አለ። አንዳንድ ዩፒኤሶች (መብራት ሲቋረጥ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆዩ መሣሪያዎች) በየ14 ቀኑ በራሳቸው የባትሪ ፍተሻ ያደርጋሉ፤ ለጥቂት ሰከንድ ጭነቱን ወደ ባትሪ ያዞራሉ። ባትሪው ያረጀ ከሆነ መብራት ሳይሄድ ሰርቨሩ ይጠፋል። ያልያዙት የመጀመሪያው ቀን ታኅሣሥ 30 ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል፤ በ6008 ያገኙታል። ለማረጋገጥ ሰርቨሩን በሥርዓቱ ያጥፉና ከዩፒኤሱ ይንቀሉ። በምትኩ ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች ይሰኩና የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ይንቀሉ። አምፖሎቹ በሰከንዶች ውስጥ ከጠፉ ባትሪው ሞቷል። የባትሪውን ዕድሜና የፈተናውን ውጤት ለድርጅቱ ሲነግሩ ሰርቨሩን ሳይሆን ዩፒኤሱን ያያሉ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ሰርቨራችን ከሰዓት በኋላ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሥራም ይዘገያል። ባለሙያው “ሙቀት ነው” ብሎ ሄደ። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ አየር በሚስብበት ፊት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይስቀሉት። ለአንድ ሳምንት ጠዋት 2፣ ቀን 6 እና 9 ሰዓት ላይ ይመዝግቡ። በሲስተም ሎግ ደግሞ ኢቨንት 37ን ይፈልጉ፤ የማሽኑ ፈርምዌር (ከዊንዶውስ በታች ሃርድዌሩን የሚያዝዘው ፕሮግራም) የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንደገደበው የሚናገር ነው። የ37ቱ ሰዓትና የሙቀቱ መዝገብ ከገጠሙ ሙቀት ነው፤ ካልገጠሙ መዘግየቱን ከሌላ ቦታ ይፈልጉት።

ብዙ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ የሚገባ አየር ይፈቅዳሉ፤ ከፍታ ሲጨምር ግን ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ ስለማይወስድ ወሰኑ ይወርዳል። በአንዳንድ የዴል ሰርቨሮች ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። 1,300 ሜትር አካባቢ ላለችው ሸዋ ሮቢት ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። 2,800 ሜትር አካባቢ ላለችው ደብረ ብርሃን ግን ወሰኑ ወደ 29 ይወርዳል። ብርድ አገር ነን ብለው ሰርቨሩን መስኮት በሌለው መጋዘን የሚቆልፉ የደጋ ሰዎችም ይህን መለኪያ ቢሰቅሉ አይከፋም።