መልስ፦ የሕገ መንግሥት ውይይት ላይ መገኘት ምን ይጠቅማል?

አብሽር ወንድሜ። «ደሴ ሆኜ የሕገ መንግሥት ውይይት ብገባ ምን ይለወጣል?» ብለሃል። አንቀጽ 104ን አንብበው። በቂ ድጋፍ ያገኘ የማሻሻያ ሐሳብ ለመላው ሕዝብ ውይይት ይቀርባል ይላል። የሚያጸድቁት ግን ምክር ቤቶች ናቸው፤ እሱን አልደብቅህም።

ቢሆንም ሂድ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «የመረጥነው ሰው ካልሠራልን ማውረድ እንችላለን?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ለካ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ አለ! መራጩ አመኔታ ሲያጣበት፣ በሕግ መሠረት፣ ተወካዩን ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። እሳቸው ባይጠይቁ እኔም እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። ትልልቆቹ እንዲህ ሲጠይቁ ደስ ይላል።

አንቀጾቹን ስልክህ ላይ ጭነህ ግባ። ከፊት ተቀመጥ፤ ከኋላ ያለ እጅ ቶሎ አይታይም።