ርሃብና ሚውቴሽን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አንድ አንባቢ «የተራበ ባክቴሪያ የሚጠቅመውን ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) መርጦ ያመጣል ወይ?» ይላሉ።

አይመርጥም። በ1988 ተመራማሪው ኬርንስና ባልደረቦቹ «ሳይመርጥ አይቀርም» የሚል ሐሳብ ሲያነሡ ብዙ አጨቃጨቀ፤ በኋላ ግን ከረሃቡ ጋር የማይገናኙ ዘረመሎችም አብረው ሲለወጡ ታየ።

«ካልተራቡ በቀር አይሳሳቱም እንዴ? ሲራቡስ ዲኤንኤው ሳይቀዳ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?»

የጠገቡትም ይሳሳታሉ። በረሃብ ጊዜ ግን ጥገናውን ይመልከቱ። በኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) የተሰበረ ዲኤንኤ ሲጠገን ፖሊመሬዝ 4 የሚባል ዲኤንኤ ቀጂ ኢንዛይም ይገባበታል፤ ይህ ኢንዛይም የራሱን ስሕተት የሚያርምበት ክፍል የለውም።

ሦስተኛው ደብዳቤ ረዥም ነው። ባጭሩ፦ የአንድ ቀንና የሰባት ቀን የባክቴሪያ ብልቃጥ ሪፋምፒሲን (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት) ባለበት ሳህን ላይ ተዘራ፤ የሰባት ቀኑ ከአንድ ቀኑ አሥር እጥፍ ኮሎኒ (ከአንድ ሕዋስ የተባዛ ክምር) አበቀለ፤ «ስለዚህ ረሃብ ሚውቴሽንን አሥር እጥፍ አፋጠነ»።

የለም! የቆጠሩት የሚውታንቶችን (ሚውቴሽኑን የያዙትን ሕዋሳት) ድርሻ እንጂ የሚውቴሽንን ፍጥነት አይደለም። በሳምንቱ ብዙው ሕዋስ ሞቷል፤ የተረፈው የሞተውን እየበላ ተባዝቷል። አንዳንድ ሪፋምፒሲን የማይገድለው ሚውታንት ደግሞ ባረጀ ኮሎኒ ውስጥ ከጎረቤቱ የተሻለ ያድጋል። አንድ ሚውታንት አሥር ልጅ ቢወልድ ሚውቴሽኑ ያው አንድ ነው።

መጀመሪያ ያልተራቡትን ፍጥነት ለማወዳደሪያ ይለኩ። ተመራማሪዎቹ ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 እንዳሳዩት ብዙ ትይዩ ቱቦ ያስፈልጋል። በ30 ቱቦዎች 0.2 ሚሊ ሊትር ምግብ አድርገው በእያንዳንዱ 1000 ያህል ሕዋስ ይጨምሩ። ሕዋሱ ተባዝቶ ሲሞላ እያንዳንዱን ቱቦ በሙሉ በየራሱ ሳህን ይዝሩት (ሪፋምፒሲን በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም)። ሌሎች 3 ቱቦዎችን አቅጥነው መድኃኒት በሌለው ሳህን ይቁጠሩ። 11 ሳህን ባዶ ከሆነ 11 ለ30 ሲካፈል 0.37 ነው፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ ምልክቱ ሲገለበጥ 1 ይሆናል፤ በየቱቦው በአማካይ 1 ሚውቴሽን ማለት ነው። በቱቦው 200 ሚሊዮን ሕዋስ ካለ፣ ከ1 ቢሊዮን ሕዋስ 5 ሚውቴሽን ማለት ነው። ባዶ ሳህን ከሌለ በየቱቦው ያለው ሕዋስ በዝቷል፤ የምግቡን መጠን ይቀንሱ። የተሟላውን ስሌት ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

ለተራቡት ግን ይህ ቀመር አይበቃም። በየቀኑ በሕይወት ያለውን ይቁጠሩ። ከዚያ ከሌሎቹ የሚለይበት ምልክት ያለው 100 ያህል የሪፋምፒሲን ሚውታንት በተራበው ብልቃጥ ጨምረው ይከታተሉ። በሳምንት 1000 ከሆነ አሥር እጥፍዎ ከየት እንደመጣ ታወቀ።

«ምግቡ ላክቶስ (የወተት ስኳር) ብቻ በሆነ ሳህን ላይ በ5ኛው ቀን የታየ ኮሎኒ የ5ኛው ቀን ሚውታንት ነው?» አይደለም፤ ለመታየት 2 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይቀንሱለት።

«ቤት ብሞክረውስ?» በፍጹም። ሪፋምፒሲን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ በማእድ ቤት አይባዛም። የደህንነት ኃላፊ ያለው ላቦራቶሪ ይፈልጉ፣ ኃላፊውንም ሳያናግሩ አንድ ቱቦ እንኳ አይክፈቱ። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

«ሳህኖቹ መስኮት ሥር ቢቀመጡ?» መድኃኒቱን ብርሃን ያበላሸዋል። ጨለማ፣ 4 ዲግሪ።