ለጨረቃ ግርዶሽ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ከልጆችሽ ጋር አዲስ አበባ ላይ ስትጠብቁ ደመና እንደጋረዳችሁ ጽፈሻል። ለቀጣዩ ሙሉ ግርዶሽ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። የኔ መልስ አትግዢ ነው። ገንዘብ ቢተርፍሽ እንኳ ለዚህ ብለሽ አታውጪው። የጨረቃ ግርዶሽን ወቅትና ቦታ እንጂ ዕቃ አያሳይም።

የጳጉሜኑ ሰዓቱ ግሩም ነበር። ሙሉው ግርዶሽ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:53 ነው የቆየው። ግን ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር፤ ደጋው ላይ በዚያ ወር ሰማይ ማመን አይቻልም።

የሐምሌ 20 ቀን 2010ሩም ክረምት ላይ ነበር የዋለው። ያ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ከሚታዩት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ሙሉው ብቻ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ፈጅቷል። እኔ ድሬዳዋ ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ማርስም በዚያው ሰሞን ወደ ምድር ቀርባ ስለነበር ከጨረቃዋ በታች ቀልታ ታበራ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ጋ ስደውል ደመናው አላሳየንም አሉኝ። በእጄ ምንም መሣሪያ አልነበረም፤ ልዩነቱ የቆምኩበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቀጣዩ እንምጣ። ከኢትዮጵያ የሚታየው ቀጣይ ሙሉ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021፣ እሑድ ማታ ነው። ታኅሣሥ! ሰማዩ የሚጠራበት ወር። ለዚህ ነው አሁኑኑ ቀኑን ጻፊው የምልሽ። ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ነው፤ ጥላውም በዚያው ሰዓት ግድም ይነካታል። 1:16 ገደማ ሙሉ በሙሉ ትዋጣለች፤ እስከ 2:28 እንዲሁ ትቆያለች። ለልጆች ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ጨረቃዋ ገና ዝቅ ብላ ነው የምትገረደው። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ፎቅም ተራራም የማይጋርደው ቦታ ከቀናት በፊት ፈልጊ። ከዋዜማው ምሽት ወጥተሽ ጨረቃ ከየት እንደምትወጣ ብታዪ ይረዳሻል። ጋቢ ያዙ፤ የታኅሣሥ ብርድ ቀልድ አይደለም። ቆሎም ይኑር፣ ልጆች መጠበቅ ይሰለቻቸዋል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ለታየው የፀሐይ ግርዶሽ የተገዛው መነጽር ቤትሽ ካለ እዚያው ይቀመጥ። በሱ ጨረቃ ጭራሽ አትታይም። ጨረቃን በባዶ ዓይን ማየት ምንም ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው ፀሐይን ማየት ነው። የግድ የሆነ ነገር ልያዝ ካልሽ ባይኖኩላር ተዋሺ። ሙሉ ግርዶሹ ሊጀምር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የጥላውን ጠርዝ በሱ ተመልከቺ። ቀጭን ሰማያዊ መስመር ይታያል። ላይኛው አየር ውስጥ ባለው ኦዞን በሚባል ጋዝ በኩል ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ነው። እኔ ከቀዩ ይልቅ እሱን ነው የምጠብቀው።

ጥላው ጨረቃዋን ሲበላት ጠርዙ ምንጊዜም ክብ መሆኑን ለልጆቹ አሳዪያቸው። የምናየው የራሳችንን የምድርን ጥላ ነው። አርስቶትል ምድር ክብ ለመሆኗ ይህንኑ ማስረጃ አድርጎ ጠቅሶታል፤ ልጆችሽ ግን በገዛ ዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ ስትቀላ ለምን ጨርሳ አልጠፋችም ብለው ይጠይቁሻል። የምድር አየር የፀሐይን ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ውስጥ ስለሚልከው ነው። ሰማያዊው በአየሩ ተበትኖ ይቀራል፣ ቀዩ ያልፋል። አየሩ ከቆሸሸ ጨረቃዋ ትጠቁራለች። በ1991 እ.ኤ.አ. የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1992 እ.ኤ.አ. የታየው ግርዶሽ እጅግ ጨለማ ነበር። የሰማይ ተመልካቾች ለድምቀቷ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 0 የጨለመችው፣ 4 ደማቅ ቀይዋ ናት። ልጆቹም ነጥብ ይስጡ፣ ይከራከሩበት።

ሌላው፣ ቀላች ብላችሁ ወዲያው እንዳትገቡ። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ይገባል። ሙሉ ጨረቃ ደብቃቸው የነበሩት ከዋክብት ግን ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። ከከተማ መብራት ከራቃችሁማ ሰማዩ ሌላ ሰማይ ይሆናል። ለፎቶ ስልኩን በማቆሚያ ላይ አድርጊና በቆጣሪ አንሺ፤ በእጅ ከተያዘ ይደበዝዛል።

ዋሽንግተን ያለችው እህትሽም አብራን ታያለች ወይ ላልሽው፣ የታኅሣሡን አታይም። እዚያ ቀን ይሆናል። እስራኤልና ዓረብ አገር ያሉ ዘመዶች ግን ያዩታል። ለሷ የሚሻለው የነሐሴ 2018ቱ ነው። ከፊል ቢባልም 93 በመቶው ይሸፈናል። ሐሙስ ነሐሴ 21 ማታ፣ በነሱ ሰዓት ከምሽቱ 10:34 ይጀምርና እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ጫፍ ይደርሳል። እኛ ጋ ግን ዓርብ ንጋት ላይ ጨረቃ እየተገረደች ትጠልቃለች፤ በዚያ ላይ ክረምት ነው።